ነፍስ ያለበት ጡብ

ሱፐር ማሪዮን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያንን ጡብ ያውቀዋል። ያለ ምሰሶ አየር ላይ የተንጠለጠለ፣ ወርቅማ፣ ፊቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት፣ ብልጭ ድርግም የሚል አራት ማዕዘን ነው። ከሥሩ ቆሞ የዘለለ ይመታዋል። (ብዙ ሰው በአናቱ የሚመታው ይመስለዋል፤ ሥዕሉን አተኩሮ ላየው ግን ማሪዮ እጁን ወደ ላይ ሰንዝሯል።) ጡቡ ነጠር ይላል፣ ሳንቲም ይተፋል፣ ከዚያ ቀለሙ ይጠወልግና ደረቅ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ደግመው ቢመቱት ምንም የለውም።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 ጃፓን ውስጥ ወጣ። ሺገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ የነደፉት ሲሆን፣ 32ቱ ደረጃዎች፣ ሙዚቃው፣ ጠላቶቹ፣ ሁሉም ተጠቃለው 40 ኪሎባይት ውስጥ ገብተዋል። ዛሬ ማንም በስልኩ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦታ ከመጥበቡ የተነሳ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው። እንዲህ በሚቆጠብበት ቤት ለማብራሪያ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። የሚናገሩት ዕቃዎቹ ራሳቸው ናቸው።

እንዴት እንደሚናገሩ ለማየት የመጀመሪያው ደረጃ መግቢያ ይበቃል። ማሪዮ በግራ በኩል ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ቀኝ ነው፤ በስተ ቀኝ መንገዱ ክፍት ነው። ወዴት መሄድ እንዳለበት የነገረው የለም፤ ግን ይሄዳል። ጥቂት እንደተራመደ አንድ የጥያቄ ጡብ ብቻውን ተንጠልጥሎ ያገኛል፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ፊቱን ያኮሳተረ ቡናማ ፍጡር በሁለት እግሩ እየተንከባለለ ይመጣል። ከነካው ሞት ነው። ስለዚህ ይዘላል። ከፍ ብሎ ጡቦች በረድፍ ተደርድረዋል። ከአንዱ እንጉዳይ ይወጣና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ከቧንቧው ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ጀማሪ እንደ ጠላት ቆጥሮ በዝላይ ሊያመልጠው ቢሞክር እንኳ ከላይ ያሉት ጡቦች ስለሚያግዱት ብዙውን ጊዜ እንጉዳዩ ያገኘዋል። ያኔ አይሞትም፤ ያድጋል። ሚያሞቶ ይህ አቀማመጥ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ከብዙ ዓመት በኋላ በቃለ መጠይቅ አስረድቷል። አንድ ቃል ሳይናገሩ አንድ ትምህርት ማስተማር ማለት ይህ ነው።

ተራው ጡብ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ትንሹ ማሪዮ ሲመታው ነቅነቅ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እንጉዳይ በልቶ ያደገው ግን ይሰባብረዋል። ከተራዎቹ መሃል መልካቸው ምንም ሳይለይ ሆዳቸው ውስጥ ሳንቲም ወይም ኮከብ የያዙም አሉ። ሦስተኛው ዓይነት ጭራሽ አይታይም። ሲያዩት ባዶ ሰማይ ነው። ትክክለኛው ቦታ ላይ ከታች ወደ ላይ የዘለለ ሰው ብቻ ይጋጨዋል፣ ጡቡም ያን ጊዜ ይገለጣል። ከጎን የመጣ፣ ከላይ የወረደ በመሃሉ አልፎ ይሄዳል። ከእነዚህ አንዱ እዚያው መጀመሪያው ደረጃ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ገደል ትንሽ ቀደም ብሎ ይገኛል። ውስጡ አረንጓዴ እንጉዳይ አለ፤ ያ ማለት አንድ ተጨማሪ ነፍስ ነው።

አመሩድ ውስጥ በአንድ ቤት ነገር ያስነሳው ይህ የማይታየው ጡብ ነው።

አመሩድ ከኦስሎ መሃል ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሊሎማርካ ከተባለው ጫካ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። የምድር ባቡሩ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ አርክቴክቱ ሆኮን ምየልቫ የነደፋቸው ረጃጅም ሕንፃዎችም የዚያው ዘመን ናቸው። ኖርዌዮች እንዲህ ያለውን መኖሪያ «ብሎክ» ይሉታል። አዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም የሚቆጠረው በብሎክ ነው፤ ጀሞ ያለች እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ለታክሲው ሹፌር የሚነግረው የብሎክ ቁጥር ነው። ስለዚህ አመሩድ የምትኖረው ኢትዮጵያዊት፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጇ ስክሪኑን እየጠቆመ «ብሎክ» ሲላት መጀመሪያ የታያት ሊፍት፣ ደረጃና የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር።

ልጁ የሚጫወተው በኒንቴንዶ ስዊች ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አሮጌ ጨዋታዎቹን በደንበኝነት ስለሚያቀርብ የ1985ቱም እዚያ ይገኛል። ልጁ «የድሮ ሰዎች ጨዋታ» ብሎ ለመሳቅ ነበር የከፈተው፤ ደጋግሞ ሲሞት ግን ሳቁ ቆመ። እናትየው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት። ያን ቀን ከሰዓት ተነስታ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን እንደያዘች ዞር አለች።

«እዚያ ጋ ዝለል» አለችው።

«የቱ ጋ?»

«ከገደሉ በፊት። ምንም የሌለበት ቦታ።»

«ምንም ከሌለ ለምን እዘላለሁ?» አለ፤ ይህን ያለው በኖርዌይኛ ነው። በአማርኛ የተጠየቀውን በኖርዌይኛ መመለስ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«አንተ ዝለል ብቻ፣ የኔ ጌታ።»

ዘለለ። ሰማዩ ድም አለና ጡብ ሆነ። አረንጓዴው እንጉዳይ ወጥቶ መንሸራተት ሲጀምር ልጁ ጨዋታውን ረስቶ ወደ እናቱ ዞረ፤ እንጉዳዩም ገደል ገባ።

እሷ ይህን ጨዋታ ተጫውታ አታውቅም። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያኑ) አዲሱ ገበያ አካባቢ፣ ከጆተኒው ጀርባ ሁለት ቴሌቪዥን ያስቀመጠ ጌም ቤት ነበር። ማሽኑ የኒንቴንዶ አስመስሎ የተሠራ የቻይና ዕቃ ነው፤ ካሴቱ ላይ ብዙ ሺህ ጨዋታ እንዳለው ተጽፏል፤ ሲከፈት የሚመላለሱት ግን እነዚያው ጥቂቶቹ ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ያለውን ሳንቲም ሁሉ የሚያፈሰው እዚያ ነበር። ሲመሽ «ሂጂ ወንድምሽን ጥሪው» ትባላለች። ትሄዳለች፣ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ትቀራለች። ቀጥሎ ሁለቱንም የሚጠራ ሦስተኛ ሰው ይላካል።

ሴት ልጅ ጆይስቲክ ይዛ የተቀመጠችበትን ቀን አታስታውስም። ግን ከበር ላይ ሆኖ ለሚያይ ጨዋታው ሌላ ነው። የሚጫወተው ዓይኑ ጠላት ላይ ነው፤ የቆመው ዓይን ሥራ ስለሌለው ሰማዩን ያያል። ወንድሟ በስሕተት ዘልሎ ድብቅ ጡብ ሲያገኝ፣ ከየትኛው ቁጥቋጦ ቀጥሎ እንደሆነ ምልክት የምትይዝለት እሷ ነበረች። በሩ ላይ የቆሙት ሕፃናት ለሁሉም ነገር ስም ነበራቸው። ቡናማው ፍጡር «ኩርፌ» ነበር። ሳንቲሙን ጨርሶ የደበዘዘው ጡብ «ሬሳ» ነው። የማይታየው «ድብቁ» ነው። እነዚህ ስሞች ከዚያ ሰፈር ወጥተው የትም የሄዱ አይመስልም፤ አሁን ግን አንድ የኦስሎ ልጅ ይጠቀምባቸዋል።

ሁሉንም ግን ያለ ሙግት አልተቀበለም። «አሁን ስንት ሕይወት አለኝ?» ሲል፣ የኖርዌይኛውን ቃል በልቡ ተርጉሞ ነበር። ስሕተት የለበትም። እሷ ግን «ሕይወት አይባልም፤ ነፍስ ነው የሚባለው» አለችው። ለምን ሲላት ለማስረዳት ተቸገረች። ሕይወትን ይኖሩታል፤ ነፍስ ግን ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትዘራለች። በጥም የዛለ ሰው ውኃ ሲቀምስ ነፍስ ይዘራል። ልጅ ክፉና ደጉን ሲለይ ነፍስ አወቀ ይባላል። ነፍሰ ጡር አለች፣ ነፍሰ ገዳይ አለ፣ የነፍስ አባት አለ። 100 ሳንቲም የሰበሰበ አንድ ነፍስ ያገኛል የሚለው የጨዋታው ሕግ በአማርኛ ሲነገር ሚያሞቶ ያላሰበውን ክብደት ይሸከማል። ልጁ ከዚህ ሁሉ የያዘው አንዱን ነው፤ ትምህርት ቤት ሊሄድ ጫማውን ሲያስር «ሦስት ነፍስ ቀርቶኛል» ይላል፣ ሦስት የትምህርት ቀን ቀረኝ ለማለት።

የጨዋታ ስክሪን የእናት ቋንቋን ይገድላል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። እዚህ ቤት ግን የተለየ ነገር ነበረ። ከትምህርት ቤት በሚመጣው መልእክት ውስጥ የሚያስቸግሯትን ቃላት የሚፈታላት ልጁ ነው፤ ስልክ ላይ የሚመልስላት፣ ቅጽ ሲሞላ ከጎኗ ሆኖ «እዚህ ጋ ፈርሚ» የሚላት ልጁ ነው። የተደበቀውን ነገር የሚያውቀው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ድብቁ ጡብ ከተገኘ በኋላ ጥያቄው ወደ እሷም መምጣት ጀመረ።

የጥያቄ ጡቡን ከስክሪኑ ውጭ ያገኘው ደግሞ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ባዶ ጠርሙስና ጣሳ ለማሽን ይመለሳል። ቶምራ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 በሁለት ወንድማማቾች የተመሠረተው ይህንኑ ማሽን ለመሥራት ነው። ክቡ ቀዳዳ ጠርሙሱን ዋጥ ያደርጋል፣ ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ አዝራር ሲጫኑት ወረቀት ይተፋል። የጠርሙሱ መያዣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለትንሹ 2፣ ለትልቁ 3 ክሮነር ሆኗል። ሌላም አዝራር አለ፤ እሱን የተጫነ ገንዘቡን ትቶ በቀይ መስቀል ሎተሪ ዕድሉን ይሞክራል። ልጁ ሎተሪውን ይላል፤ እናቱ ወረቀቱን ትላለች። በልጅነቷ ጠርሙስና ጀሪካን የሚወስደው ቆራሌው ነበር። ቆራሌው አዝራር የለውም፤ ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ ሄዶ ይመለሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። እዚህ ዕቃው ሁሉ ይመልሳል፦ በሩ ሰው ሲቀርበው ይከፈታል፣ የኮሪደሩ መብራት እግር ሲሰማ ይበራል። የጎረቤቷን ስም ያወቀችው ግን ከመግቢያው ደወል ላይ አንብባ ነው። ሳይደዋወሉ ሄዶ በር ማንኳኳት እዚያ ብሎክ ውስጥ አልተለመደም።

ከዚያ የመመሪያው ታሪክ መጣ።

አንድ ቀን ልጁ ዩቲዩብ ላይ የሰማውን ይዞ ወደ ማድ ቤት ገባ። ከጨዋታው ጋር ይሸጥ የነበረው የመመሪያ መጽሐፍ እንደሚለው፣ የእንጉዳይ መንግሥት ሰዎች ሰላማዊ ሕዝብ ነበሩ። ኩፓ የሚባለው ነገድ በአስማት መጣባቸውና ወደ ድንጋይ፣ ወደ ጡብና ወደ ተክል ለወጣቸው። አስማቱን ልትፈታ የምትችለው የተማረከችው ልዕልት ብቻ ናት።

«እማ፣ ታዲያ የምንሰብረው ሰው ነው?»

ጥያቄው በአማርኛ ነበር። አዲሱ ገበያ ጌም ቤት ውስጥ ይህን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ካሴቱ ያለ ሣጥን፣ ያለ መጽሐፍ ነው የሚመጣው። ወንድሟ ከሁሉ ይበልጥ የሚጨበጨብለት አንድ ረድፍ ጡብ በሩጫ ሲያፈርስ ነበር። «ጨዋታ እኮ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ አላለችም። መሳቅም ይቻል ነበር። የአገሯ ሰው ስለ ሰው ወደ ድንጋይነት መለወጥ ሲሰማ ግን ወዲያው አይስቅም፤ እንዲህ ያለውን ተረት ከአያቷ ሰምታ ያደገች ሴት ደግሞ ምን ብላ እንደምትመልስ ታስባለች።

የጨዋታው ሠሪዎችም በዚህ ጉዳይ የሚመሰገኑ አይደሉም። መጽሐፉ ላይ የጻፉትን ስክሪኑ ላይ ረስተውታል። 8ኛው ዓለም ተጠናቆ ልዕልቲቱ ስትገኝ አመስግና አዲስ ፈተና ታቀርባለች፤ አንድም ጡብ ወደ ሰውነቱ ሲመለስ አይታይም። ያን ሁሉ የሰበረ ተጫዋች ስንት እንደሰበረ የሚጠይቀው የለም፤ እንዲያውም ለእያንዳንዱ ጥቂት ነጥብ ይጨመርለታል።

ልጁ መፍትሔውን ራሱ አገኘ። ትንሹ ማሪዮ ጡብ መስበር አይችልም። ስለዚህ እንጉዳይ አይበላም። እንጉዳዩ ከጡቡ ወጥቶ ሲመጣ ይዘልለዋል፤ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንዳንዴም ገደል እስኪገባ ይጠብቀዋል። ይህ ጨዋታውን በጣም ያከብደዋል፤ አንድ ንክኪ ሞት ነው፣ እሳት መተኮስም የለም። ግን ትንሽ ሆኖ ጡብ ሲመታ ጡቡ ነቅነቅ ብሎ ይመለሳል፣ ድምፁም ድፍን ነው። እናቱ ሰምታ «እያንኳኳህ ነው» አለችው። ቃሉን አያውቀውም ነበር። ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አሳየችው። ከዚያ ወዲህ በረድፍ ያሉ ጡቦች ሥር ሲያልፍ አንድ በአንድ ያንኳኳል፤ መንገዱን ያዘገይበታል፣ የጨዋታው ሰዓትም ይቆጥርበታል። አልፎ አልፎ «ቤቶች!» ሲል ይሰማል። ይህን የሰማው ከማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ አመሩድ ውስጥ እንዲህ ብላ የምትገባ አንዲት የእናቱ ጓደኛ ብቻ አለች።

እሑድ እሑድ አዲስ አበባ ይደወላል። ድሮ ልጁ ስልኩ ሲሰጠው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ እንደ ትኩስ ድንች ይመልሰው ነበር። አሁን አጎቱን ይፈልገዋል። አጎትየው ዛሬ የሁለት ልጆች አባትና የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ስለ ድብቁ ጡብ ሲጠየቅ ግን ድምፁ ይለወጣል። አንድ ቀን ሁለተኛው ዓለም ውስጥ ማንም የማያውቀው ድብቅ አለ ብሎ ቦታውን አስረዳ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ዘለለ። የለም።

«አጎቴ ዋሸኝ» አለ።

«ዋሸ አይባልም። ተሳሳተ በል።»

«ተሳሳትክ» አለው በሚቀጥለው እሑድ።

«በእኛ ካሴት ነበረ!» አለ አጎትየው። «እናትህን ጠይቃት፤ እዚያ ቆማ ነበር።»

እናቱ አለ ወይም የለም አላለችም። አስመስለው የተሠሩት ካሴቶች ላይ ጨዋታው ተነካክቶ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነው፤ አጎትየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሃያ ምናምን ዓመት ያለፈው ልጅነት ቦታውን አዛውሮበትም ሊሆን ይችላል።

ልጁ በዚያ ሰሞን የ1986ቱን ሁለተኛ ክፍል ሞክሮ ነበር፤ መጀመሪያ በጃፓን ብቻ የተሸጠውን። እዚያ ድብቅ ጡቦቹ ለስጦታ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። አንዳንዱ ልክ ገደል የሚዘለልበት ቦታ ላይ ነው፤ ዘላዩ ይጋጨውና ወደ ገደሉ ይወርዳል። መርዘኛ እንጉዳይም አለ። የመጀመሪያው ጨዋታ ትዕግሥት የተሞላበት አስተማሪ ከሆነ ይህኛው ያስተማረውን ተማሪ የሚጠልፍ ነው፤ ጎበዞች ይወዱታል ይባላል። ልጁ በአንድ ቀን ዘጋው። ኖርዌይ ውስጥ በርገን ላይ የተሠራውን ቴስላግራድንም ጀምረውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ታሪኩን ያለ አንድ ቃል የሚተርክ፣ ቀይና ሰማያዊ ማግኔት ያላቸው ጡቦች የሚሳሳቡበትና የሚገፋፉበት ጨዋታ ነው። ቆንጆ ነው። እናትየው ግን ስለዚያ የምታውቀው ድብቅ ነገር ስለሌላት ልጁ ብዙም ሳይቆይ ወደ ማሪዮ ተመለሰ።

አሁን ያሉት 4ኛው ዓለም መጨረሻ ላይ ያለው ግንብ ውስጥ ነው። እንጉዳይ ሳይበላ እዚያ መድረሱ ራሱ ቀላል አይደለም። ግንቡ መንገዱ ሁለት ቦታ የሚከፈል ነው፤ የተሳሳተውን የመረጠ ተመልሶ እዚያው መተላለፊያ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል፣ ተሳስተሃል የሚለውም የለም። ልጁ ብዙ ጊዜ እየተሽከረከረ ሰዓቱ አልቆበት ነፍሱን ጨርሷል። ዩቲዩብ ላይ መልሱ እንዳለ ያውቃል። አልከፈተውም። አጎቱ መንገዱን በቃሉ እንደሚያውቅ ምሏል፤ እናቱ «እንደዚያኛው እንዳይሆን» ብላለች።

ለእሑድ ወረቀት ተዘጋጅቷል። «ላይ» እና «ታች» በፊደል እንዴት እንደሚጻፉ ጠይቆ፣ እናቱ በእርሳስ ጽፋለት፣ እሱ ከሥሯ ገልብጦ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎታል። አጎቱ ሲናገር በጭረት ምልክት ሊያደርግበት ነው። «ታች» የሚለው ውስጥ «ታ»ን ወደ ግራ አዙሮ ጽፏታል፤ እናቱ አይታለች፣ ገና አላረመችውም።